ባለቤት ሲለወጥ ወንበሩ የማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ኩባንያ ሌላውን ገዛው፣ አንድ ባንክ ከሌላው ጋር ተዋሐደ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ስንት ሚሊዮን ብር ተከፈለ? ባለአክሲዮኖቹስ ምን አተረፉ? እያለ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት መዝገብ ዘርግቶ፣ ሒሳብ ደምሮ፣ ማኅተም መትቶ የሚያድረው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በልቡ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «እኔስ ነገ በዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁን?» ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ሩቅ አገር ያለ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ የንግድ ባንኮች የተከፈለ ካፒታል ከ5 ቢሊዮን ብር እንዳያንስ አዝዞ፣ ለነባሮቹ ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 ዓ. ም. የሚደርስ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ያን ያህል ካፒታል ማሟላት የሚያቅተው ባንክ ከሌላው ጋር መዋሐድ አንደኛው መንገድ መሆኑ ያን ጊዜውኑ ሲነገር ነበር። ደግሞም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ. ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ፣ ለአያሌ ዓመታት ተዘግቶ የኖረውን በር ለውጭ አገር ባንኮች ከፈተላቸው። እንግዲህ ባንክ ባንክን የሚገዛበት፣ የሚጠቀልልበት ወይም አብሮ የሚሠራበት ዘመን ነው ማለት ነው። ዛሬ በኮሌጅ የሒሳብ አያያዝና የኤኮኖሚ ትምህርት የሚማረው ወጣት፣ ነገ የሚቀጠርበት ቤት ከነገ ወዲያ በሌላ ስም ሊጠራ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የከሚሴ መስኮት

ነገሩን በዓይነ ኅሊና ለማየት እንዲመች ከዋናው ከተማ ራቅ እንበልና አንዲት የአውራ ጎዳና ከተማ እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ የዚሁ ዞን ወረዳዎች ናቸው። በአጠገቧ የተንጣለለው የጨፋ ሜዳ የቦርከናን ወንዝ ይዞ፣ በበጋ ወራት ከአፋር ቆላ ሳይቀር ለሚመጣው ከብት ሣርና ውኃ ይሰጣል።

የዚህ አገር ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በገበያ ቀን ነው። እሑድ ሰንበቴ ይቆማል፤ ሰኞ ባቲ ይቆማል። በባቲ ገበያ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ተገናኝቶ ከብቱን፣ ግመሉን፣ እህሉንና ጨውን ይለዋወጣል። ከገበያ ማግስት የከብት ነጋዴው ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ባንክ መስኮት ይመጣል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ገንዘብ ያዥ ኦሮምኛም አማርኛም ተናጋሪ ነው። ነጋዴው ፊርማ የማያውቅ ከሆነ ጣቱን ያስነካዋል፤ ወለድ የማይወስድ ከሆነ የወለድ ነጻውን ሒሳብ ይከፍትለታል፤ ገንዘቡ ከየትኛው ገበያ እንደ መጣ ሳይጠይቅ ያውቃል። ሽማግሌው በመጣ ቁጥር የሥራ አስኪያጁን ስም አይጠራም፤ «ያ ልጅ አለን?» ይላል።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። በዚህች ከተማ በአንድ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት የቆሙ የሁለት ባንኮች ቅርንጫፎች አሉ እንበል። አንደኛው ባንክ ሁለተኛውን ገዛው። ከዚያ በኋላ አንድ ባለቤት በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ቤት ይከራያልን? ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት የሒሳብ ሹም፣ ሁለት ዘበኛ ያኖራልን? መልሱን ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። የቅርንጫፉ ማስታወቂያ ሰሌዳ በወረደ ጊዜ የሰንበቴው ነጋዴ «ያ ልጅ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህች ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

ያለፈው ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በአገራችን ባንክ ባንክን ሲተካ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1898 ዓ. ም. መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የሚተዳደር፣ የ50 ዓመት ውል የተሰጠው ድርጅት ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ይህ ውል ሳያልቅ ለግብጹ ባንክ 40,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ካሣ ተከፍሎት ባንኩ የኢትዮጵያ እንዲሆን አደረጉ። ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ. ም. በወጣው ዐዋጅ የኢትዮጵያ ባንክ በ750,000 ፓውንድ ካፒታል ተቋቋመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው አንድ ነጥብ አለ። አዲሱ ባንክ የአሮጌውን ቢሮዎችና ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጁን ሚስተር ኮሊየርን ጭምር፣ እንዳሉ ተረከበ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ ጸሐፊው ግን በብዕሩና በመዝገቡ ፊት እንደ ተቀመጠ ቀረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲሱ ባንክ የአሮጌው ተተኪ ነበርና የተደረበ ወንበር አልነበረም፤ የሠለጠነ የባንክ ሠራተኛም በጣት የሚቆጠር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የአብዮቱ ዘመን ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ. ም. ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ። አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ የተባሉት ሦስቱ ተዋሕደው አዲስ ባንክ ሆኑ። ይህ ባንክ 34 ቅርንጫፎችና 480 ሠራተኞች ነበሩት። ሐምሌ 26 ቀን 1972 ዓ. ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 184 አዲስ ባንክ ራሱ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተጨመረ። አዲሱ ንግድ ባንክ ሥራውን የጀመረው በ128 ቅርንጫፎችና በ3,633 ሠራተኞች ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በአገሩ ያለው የንግድ ባንክ እርሱ ብቻ ስለ ነበረ፣ በባንክ ሙያ የሠለጠነ ሰው ከዚህ ቤት ወጥቶ የሚገባበት ሌላ የንግድ ባንክ አልነበረውም። አሠሪው አንድ ሲሆን ለሠራተኛው ምርጫ እንደሚጠብበት ይህ ዘመን ያሳያል።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ሁለት የቤት ሥራና የቁጠባ ድርጅቶች ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተባሉ፤ ያም ባንክ ኋላ ስሙን ለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ። በ2008 ዓ. ም. በመንግሥት ውሳኔ ተጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ገባ። ከውሕደት የተወለደው ባንክ በውሕደት ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ሁለቱም የመንግሥት ንብረት ስለ ነበሩ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተዛወረ እንጂ ሽያጭ አልነበረም።

ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ትምህርት የሚሰጠው ግን የባንክ ሳይሆን የስልክ መሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ. ም. ኢትዮ ቴሌኮም የተባለ አዲስ ድርጅት የቀድሞውን የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ተክቶ ሥራ ጀመረ። አስተዳደሩም ለተወሰነ ጊዜ በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። አዲሱ መዋቅር ተዘጋጅቶ ሠራተኛው እንደገና ሲመደብ፣ በሺ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአዲሱ ቤት ቦታ ሳያገኙ ቀሩ። ያም መሥሪያ ቤት ለመንግሥት የሚያተርፍ እንጂ የከሰረ አልነበረም። ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኛ የሚቀነሰው ድርጅት ሲወድቅ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ድርጅት ሲታደስም ይቀነሳል።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። በ1856 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው ክሬዲ ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ መጋቢት 10 ቀን 2015 ዓ. ም. በተፎካካሪው በዩ ቢ ኤስ እንዲገዛ ተወሰነ። ወሬው ከተሰማ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ገዢው ባንክ በአገሩ ውስጥ ብቻ ወደ 3,000 የሚሆኑ ሥራዎችን እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ሁለቱ ባንኮች በዙሪክ ከተማ ጎረቤቶች ነበሩ። እንደ ከሚሴው ምሳሌያችን ፊት ለፊት የቆሙ ናቸው ማለት ይቻላል።

ወንበር የሚታጠፈው የት ነው?

እንግዲህ ከነዚህ ታሪኮች አንድ ሥርዓት ይወጣል። ገዢ የሚቀንሰው በዘፈቀደ አይደለም፤ የሚቀንሰው የተደረበውን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረበው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የደመወዝ ክፍል፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የግዢ ክፍል፣ የሕግ ክፍል፣ የውስጥ ቁጥጥር፣ የኮምፒዩተር ክፍል በሁለቱም ቤት አለ፤ ከውሕደት በኋላ ግን አንዱ ይበቃል። ሁለተኛው የሚደረበው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጎዳና ያለ ቅርንጫፍ ነው። ሦስተኛው፣ አንዱ ቤት በእጅ የሚሠራውን ሌላው በመኪና የሚሠራው ሥራ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የከሚሴው ገንዘብ ያዥ ከአዲስ አበባው ጸሐፊ ይልቅ የተሻለ ዕድል የሚኖረው ጊዜ አለ። ገዢው ባንክ በዚያች ከተማ ቅርንጫፍ ከሌለው፣ የገዛው ነገር ሕንጻውንና ካዝናውን ብቻ ሳይሆን ያንን ልጅና የሚያውቁትን ደንበኞች ጭምር ነው። ኦሮምኛ የሚናገር፣ የወለድ ነጻን ሥራ ደንብ የሚያውቅ፣ የባቲንና የሰንበቴን ነጋዴ በመልክ የሚለይ ሰው በአዲስ አበባ ተፈልጎ በአንድ ቀን አይገኝም። በ2013 ዓ. ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በእንዲህ ያለው አገር የሚደረገው ውድድር በርትቷል። ነገር ግን ገዢው በዚያው ጎዳና ላይ ቀድሞ ቅርንጫፍ ካለው፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት በሁለቱም ቤት ስለሚገኝ ተደርቧል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥጋቱ እውነተኛ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወጣቶች ድርጅት ሲሸጥ የሥራ ውልም አብሮ የሚፈርስ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 16 የድርጅት መዋሐድ፣ መከፋፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ፣ በአንቀጽ 23 ደግሞ እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። ይህ ቃል ቀድሞ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም ውስጥ የነበረ ነው። ትርጉሙ አጭርና ግልጽ ነው። አዲሱ ባለቤት ሕንጻውንና ዕዳውን እንደሚረከብ ሁሉ የሠራተኛውን ውል፣ ደመወዙንና ያገለገለበትን ዘመን ይረከባል። «እኔ አልቀጠርኩህም» ብሎ ማሰናበት አይችልም። «አገልግሎትህ ከዛሬ ይቆጠራል» ማለትም አይችልም።

ይሁን እንጂ ሕጉ የሚጠብቀው ውሉን ነው እንጂ ወንበሩን አይደለም። ባለቤቱ ከተረከበ በኋላ ሥራው በከፊል ወይም በሙሉ በቀጥታና ለዘለቄታው ቀርቷል፣ የምርት ወይም የአገልግሎት ተፈላጊነት ቀንሷል፣ ወይም የአሠራር ዘዴ ተለውጧል በማለት ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የመሸጡ ወሬ ለስንብት ምክንያት አይሆንም፤ ከመሸጡ በኋላ የሚሠራው አዲስ መዋቅር ግን ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚህ ልዩነት ላይ ነው ብዙ ክርክር የሚነሣው።

የሚቀነሰው ሠራተኛ ቁጥር ከጠቅላላው ከመቶ 10 ያላነሰ ሲሆን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሲሆንና ቅነሳው ከ10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ የሚፈጸም ሲሆን፣ ሕጉ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይለዋል። ያን ጊዜ አሠሪው እንደ ወደደ አይመርጥም። ከሠራተኞች ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። የሥራ ችሎታ ያላቸውና ከፍ ያለ ውጤት የሚያሳዩት እንዲቀሩ ይደረጋል። በችሎታና በውጤት እኩል የሆኑ ሲገኙ በድርጅቱ ጥቂት ዘመን ያገለገሉት፣ ከዚያም ጥቂት ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩት ይቀድማሉ። በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶባቸው አካላቸው የጎደለ፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡር ሴቶች በመጨረሻ የሚደረስባቸው ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ተራ ልብ ብለህ ተመልከተው። አዲስ ገብ ወጣት በአገልግሎት ዘመኑ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጅ የለውም። ስለዚህ በችሎታው እኩል ከሆነ የመጀመሪያው ተሰናባች እርሱ ነው። ወጣቱን የሚያድነው ከመዝገቡ ላይ የተጻፈ የሥራ ውጤቱ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ሕጉ ለተቀነሰ ሠራተኛ ምን ያህል እንዲከፈለው እንደሚል በቁጥር ብናሳይ ለተማሪዎች ይጠቅማል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና በቅነሳ ምክንያት የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የቀን ደመወዙ በ30 ተባዝቶ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ይህ ድምር ከ12 ወር ደመወዝ እንዲበልጥ አይፈቀድም። በቅነሳ ለተሰናበተ ሰው ደግሞ በዚህ ላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይታከልለታል።

ለምሳሌ ያህል በወር 9,000 ብር የሚከፈለውና 9 ዓመት ያገለገለ የሒሳብ ጸሐፊ እንውሰድ። የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር ያገኛል። ለቀሩት 8 ዓመታት በያንዳንዱ 3,000 ብር ሲታሰብ 24,000 ብር ይሆናል። በጠቅላላው 33,000 ብር ነው። በቅነሳ ስለ ተሰናበተ 18,000 ብር ይጨመርለታል። ድምሩ 51,000 ብር ይሆናል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ካለ እርሱም በገንዘብ ይታሰብለታል።

ይህ ገንዘብ ስድስት ወር እንኳ የማይሞላ ደመወዝ ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልኅ ያለቅሳል የሚለው ተረት የባቲን መንገድ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም። በአንድ ቀን 51,000 ብር በእጁ የገባለት ወጣት ዕድል የመጣለት መስሎት ድግስ የደገሰ እንደ ሆነ፣ እየላሰ ያለው የተናደውን ተራራውን ነው።

ሕጉ የማይደርስባቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ይህ አዋጅ ሁሉንም ሰው አይሸፍንም። ድርጅቱን ወክሎ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው የሥራ መሪ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። ማዕረግ ሲያድግ ጥበቃ የሚሳሳ መሆኑን ሹመት የተቀበለ ወጣት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛም የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ እንጂ በዚህ አዋጅ አይደለም። በከሚሴ የዞን ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ወጣትና ከጎኑ በባንክ የሚሠራው የትምህርት ጓደኛው መብታቸው የተጻፈው በሁለት ልዩ ልዩ ሕግ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝውውር የሚባል ነገር አለ። ብዙ ጊዜ በቅጥር ውል ላይ «በማናቸውም ቅርንጫፍ ተዛውሬ ለመሥራት ተስማምቻለሁ» የሚል ቃል ይገኛል። ሠራተኛው በተቀጠረበት ቀን በደስታ ሳያነበው የፈረመው ቃል ነው። ቅርንጫፍ ሲዘጋ አሠሪው «አልተሰናበትክም፤ አዲስ አበባ ሥራ አለህ» ሊለው ይችላል። እናቱን በከሚሴ የሚጦር፣ በ9,000 ብር ደመወዝ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ መክፈል የማይችል ሰው ምን ያደርጋል? ራሱ መልቀቂያ ጽፎ ይወጣል። በገዛ ፈቃዱ ለወጣ ሰው ደግሞ የቅነሳው ክፍያ አይደርሰውም። በመዝገብ ላይ ማንም አልተቀነሰም፤ በከተማይቱ ግን አንድ ወንበር ጐድሏል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ይሮጣል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይታገዳል። «ዘመድ ይነጋገርልኛል፣ ሽማግሌ እልካለሁ» እያለ ወራቱን ያሳለፈ ሰው መብቱን በገዛ እጁ ዘጋው ማለት ነው። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው ሲመላለስ የይርጋው ቀን አይቆምለትም። ስለዚህ ሽማግሌውንም መላክ፣ ማመልከቻውንም ለሥራ ክርክር ችሎት ማስገባት ነው።

የባለቤቱም ወገን ይሰማ

ፍርድ ያለ ሁለት ወገን አይሆንምና የገዢውንም ቃል መስማት ተገቢ ነው። ካፒታሉ የሳሳ ባንክ እንዳለ ቢተውና ቢወድቅ፣ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ብሩን በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣው የሰንበቴ ነጋዴም አደጋ ላይ ይወድቃል። ከሁለት ደካማ ቤት አንድ ብርቱ ቤት ይሻላል የሚለው ክርክር ከባድ ነው፤ እውነትም አለበት። ሁለት ሰው የሚሠራውን ሥራ አንድ ሰው መሥራት ሲችል ለሁለቱ ደመወዝ ክፈል ብሎ ባለገንዘብን ማስገደድ የአገርን ሀብት አያሳድግም።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሌላም እውነት አለ። በከሚሴ የሚኖር ቅርንጫፍ በዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሚታየው በኪራዩ፣ በደመወዙና በተቀማጩ ገንዘብ ነው። አንድ ሽማግሌ ለአንድ ገንዘብ ያዥ ያለው እምነት በየትኛውም መደብ አይጻፍም። ወንበሩ ሲታጠፍ ግን ያ እምነት አብሮ ይሄዳል፤ ነጋዴውም ብሩን እንደ ቀድሞው በቤቱ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ተቀምጦ የትኛው ቅርንጫፍ ይዘጋ የሚለውን የሚወስን ሹም፣ ከመፈረሙ በፊት በአንድ የገበያ ማግስት መስኮቱ ፊት ቆሞ ማየት ይገባዋል። በ1923 ዓ. ም. የኢትዮጵያን ባንክ ያቋቋሙት ሰዎች ሠራተኛውን እንዳለ የተረከቡት ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው ከካዝናው ያላነሰ ሀብት መሆኑን ስላወቁ ነው።

ለወጣቱ የሚሰጥ ምክር

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ወጣቱ ወሬው ሳይመጣ አስቀድሞ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ፣ የፈረመውን ውል ያንብብ፤ ቅጂውን በቤቱ ያኑር። የሹመት ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ የሥራ ውጤት ምዘና፣ የምስጋና ወረቀት ሁሉ በአንድ አቃፊ ይቀመጥ። መሥሪያ ቤት ሲዋሐድ መዝገብ ቤትም ይዋሐዳል፤ በዚያን ጊዜ የጠፋ ወረቀት የሚገኘው በባለቤቱ ሣጥን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የማይደረብ ዕውቀት ይያዝ። ደምሮ መቀነስ ሁሉም የሚችለው ነው፤ ይህንንም መኪና ከሰው አስበልጦ ይሠራዋል። ነገር ግን የብድር ጥያቄን መርምሮ አደጋውን መገመት፣ የወለድ ነጻን ሥራ ሥርዓት ጠንቅቆ ማወቅ፣ ከደንበኛ ጋር በገዛ ቋንቋው መነጋገር በሁሉም ቤት አይገኝም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለጥንቱ ደብተራ ብቻ አይደለም፤ ለዛሬው የባንክ ጸሐፊም ነው።

ሦስተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበር ይግባ። ሕጉ አሠሪው ከተወካዮች ጋር ይመካከር ሲል፣ ተወካይ ከሌለ ምክክሩ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀራል። ማኅበሩን በሰላሙ ጊዜ ያላቋቋመ ሠራተኛ በጭንቁ ጊዜ በአንድ ሌሊት ሊያቋቁመው አይችልም።

አራተኛ፣ ከደመወዙ ላይ ይቆጥብ። የሌላውን ሰው ቁጠባ ሲቆጥር የሚውል ገንዘብ ያዥ ለራሱ የሦስት ወር ቀለብ ያላስቀመጠ እንደ ሆነ፣ ለሌላው የሚመክረውን ለራሱ አላደረገም ማለት ነው።

በድርጅት ሽያጭ ጊዜ የሚፈራረሙት ሁለት ባለቤቶች ናቸው፤ በሰንጠረዡ ዙሪያ የከሚሴው ጸሐፊ ወንበር የለውም። ቢሆንም በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሕጉ አንቀጽ በስሙ ተቀምጦለታል፤ ውሉም በአዲሱ ባለቤት እጅ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር፣ አንቀጹን ማወቁና የማይተካ ሠራተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። መብቱን የማያውቅ ጎበዝ ሠራተኛ በዝውውር ደብዳቤ ብቻ ይወጣል፤ መብቱን የሚያውቅ ሰነፍም ካሣውን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘው ወጣት ግን፣ በላዩ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ስሙ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥ፣ የሰንበቴው ነጋዴ በመጣ ቁጥር በመስኮቱ ሊያገኘው ይችላል።